በቅሎዋ ስም አላት

ሲያትል፣ ኖርዝጌት ካለው የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ አንዱን ስገልጥ፣ የሻገተው ወረቀት ሽታ ወደ አሥር ዓመቴ መለሰኝ። ሽፋኑ ላይ ያው እንግሊዛዊ የጦር አዛዥ ቆሟል።

አያቴ በጣሊያን ጊዜ ይህን ሰው በጎጃም ቆላ መንገድ መርተውታል። የአርበኝነት ወረቀት ሊያወጡ ሲሄዱ "ምስክር አምጡ" ተባሉ፤ ምስክሮቻቸው ግን ሁሉም ሞተዋል። አዛዡ የጻፈውን ይህንን መጽሐፍ ተውሰው መጡና ፊቴ አስቀመጡት። ከቤቱ እንግሊዝኛ የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እሱ አይረሳኝም፤ ስሜን ፈልጊልኝ" አሉኝ።

ሦስት ቀን ፈለግሁ። የአዛዡ በቅሎ እንኳ በስሟ ተጽፋለች። እሳቸው "አንድ መንገድ መሪ" ናቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘው አጠገቤ ሲጠብቁ አላስችል አለኝ፤ ከቃሉ አጠገብ ስማቸውን በእርሳስ ጻፍኩና "ይኸው አባባ" አልኳቸው።

መጽሐፉን ምስክር ወደጠየቃቸው ቢሮ ወሰዱት። የቢሮው ጸሐፊ በአውራ ጣቱ ቢያሸው ስማቸው ለቀቀ።

ሲመለሱ አልተቆጡኝም። "ልጄ፣ እውነቱን ውሸት አደረግሽብኝ" ብቻ አሉ። ያኔ አልገባኝም።

"ማሚ፣ ሌትስ ጎ" አለችኝ ልጄ፣ ወደ ሱቁ በር እየጎተተችኝ።

ገጹን አገኘሁት። በቅሎዋ አሁንም ስም አላት። ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።