ጥጥ መለየት ያቃተው እጅ

አባቴ ሰባተኛ አካባቢ በጨርቅ ንግድ ያረጀ ሰው ነው። አዲስ ጣቃ ሲመጣለት የተለጠፈበትን ጽሑፍ አያነብም። ጫፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አሸት አሸት ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ "ጥጥ ነው" ወይም "ፖሊስተር አለበት" ይላል። ጎረቤት ነጋዴዎች እንኳ ሲጠራጠሩ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ እሱ ይመጡ ነበር። "ሐጂ ነክተውታል" ከተባለ ነገሩ አለቀ። እኔ አብሬው እሸጣለሁ፤ ግን ሥራዬ ሜትር መለካት ነበር፣ ፍርዱ የእሱ ነው።

አንድ የረመዳን ሰሞን መዳፎቹ መወፈር ጀመሩ። ቆዳው ልክ እንደ ከፋይ ጨርቅ ሆነ፤ መስመሮቹም ጠልቀው ከሩቅ ይታዩ ነበር። እኛ ሰፈር ዋጋ ሲቆረጥ መዳፍ ለመዳፍ ስለሚመታ ለውጡን ያልነካ ነጋዴ አልነበረም። ሁሉም ደግሞ ምክንያቱን ያውቃል።

"የጨርቅ ኬሚካል ነው ሐጂ! የዘንድሮ ጣቃ ቀለሙ አይረባም።"

እኛም አመንን። ጓንት ገዛሁለት፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ቀባሁት። ሱሪው ሲሰፋው "ጾሙ ነው" አልን። ኢድ አልፎም ሥጋው አልመለስ ሲል "ዕድሜ ነው" አልን። ለሁሉም ነገር መልስ ነበረን፣ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አንድ ቀን ከአማኑኤል የምትመጣ የቆየች ደንበኛችን የሸጥንላትን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ቆዳው ለሚቆጣ ሕፃን ነበር የገዛችው።

"ሐጂ፣ እርስዎ ጥጥ ነው አሉኝ፤ ሳቃጥለው ግን ቀለጠ" አለች፣ እያፈረች።

አባቴ ክር መዞ ራሱ ለኮሰው። ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆን ነበር፤ ይሄ ግን ቀልጦ ጥቁር ፍሬ ሆነ። ጨርቁን አሸው፣ ደግሞ አሸው። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ "ጓንት ያጠለቅኩ ነው የሚመስለኝ፣ ምንም አይሰማኝም" አለኝ። አባቴ ሲፈራ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

በማግስቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ወጣት ሴት ናት። ሁለቱንም መዳፎቹን ገልብጣ ካየች በኋላ "አባባ፣ ምግብ ይስማማዎታል? ከስተዋል?" አለችው።

"እኔ የመጣሁት ለእጄ ነው። ከሆዴ ምን አገባሽ?"

አልተቆጣችም። መዳፍ እንዲህ ሲሆን አንዳንዴ ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል፣ ሳይመረመር ግን እንደማይታወቅ ቀስ ብላ አስረዳችን። በካሜራ ሲታይ ጨጓራው ላይ እጢ ተገኘ።

እጢው በቀዶ ጥገና ወጣ፣ ኬሞውንም እያማረረ ጨረሰ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ፤ መዳፉ እየሳሳ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈታችን በፊት እጁን ይዘረጋልኝና "እስቲ ንኪው፣ ሳስቷል?" ይለኝ ጀመር። "ሳስቷል አባዬ" እለዋለሁ፣ እውነትም ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ጨርቅ ማሸት ሲጀምር ጎረቤቶቻችን አጨበጨቡለት። እኔ ጣቃ መደርደሪያው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት እንደልማዱ እጁን ዘረጋልኝ። ነካሁት። መስመሮቹ ተመልሰው ጠልቀዋል፣ ቆዳው ወፍሯል። መዋሸት አልቻልኩም።

"ዛሬውኑ ሐኪሟ ጋ እንሂድ አባዬ።"

"እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ" አለ። እሱም አውቆታል።

ሐኪሟ ጋ ለመሄድ ሱቁን በጊዜ ልንዘጋ ስንል አንድ ጎረቤት ነጋዴ የተጠራጠረበትን ጣቃ ተሸክሞ ገባ። አባቴ ጫፉን ተቀበለውና እኔ እጅ ላይ አኖረው።

"ዓይንሽን ጨፍኚ" አለኝ።

ጨፈንኩ። አሸሁት፣ ደግሜ አሸሁት። "ጥጥ ነው" አልኩ።

ነጋዴው አባቴን አየው። አባቴ ጨርቁን አልነካም፣ ክርም አልመዘዘም። ጃኬቱን እየለበሰ "ውሰደው" አለው። "ልጄ ነክታዋለች።"