ባሕር ዳር የተለካ ፍጥነት

ተሾመች በሰማንያ ሦስት ከዓሰብ ተፈናቅላ መካኒሳ አቦ አጠገብ አንዲት ክፍል ስትከራይ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ወደቡ ላይ ዐሥር ዓመት ሙሉ የከባድ መኪና ሞተር ስትፈታና ስትገጥም ኖራለች። እኛ ጋራዥ ግን የተሰጣት ሥራ የተፈታ ዕቃ በቤንዚን ማጠብ ነው። ፈቺው ሌላ፣ ገጣሚው ሌላ፣ አጣቢዋ እሷ። እኔ በዚያው ጋራዥ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነኝ። የማወራውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ካፌዙባትም አንዱ እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ከሚያሳጣኝ ብዬ ነው ቀድሜ መናገሬ።

ባለጋራዡ ጋሽ ከበበው ክፉ ሰው አይደለም። የሠራተኛ ደመወዝ አያስቀርም፣ ለቅሶ አይቀርም። ብቻ ሴት ኮፈን ስትከፍት ማየት አይሆንለትም። ተሾመች አራት ዓመት ሙሉ «አንድ ካርቡራቶር ይስጡኝና ልሥራ» አለችው፤ አራት ዓመት ሙሉ «ይደርሳል» አላት። እሷ ደግሞ አንገት መድፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ዕቃዋን እያጠበች «ይህ ካንዴላ ጥላሸት ለብሷል፤ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል» ትላለች። የሚሰማት አልነበረም።

በሰማንያ ስምንት ሚሳኤል የሚባል የጎፋ ነጋዴ ልጅ በጅቡቲ በኩል አንዲት ነጭ የጃፓን ኩፔ አስገባ። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ልትልስ የደረሰች መኪና ናት። ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ «ከቆመችበት ተነሥታ አራት መቶ ሜትር በዐሥራ ሰባት ሴኮንድ!» እያለ ያነብልናል። ጡረተኛው አቶ ወጋየሁም ሃያ አምስት ዓመት የነዳትን ቀይ የፊያት ኩፔ ሊያሠራ መጥቶ ነበርና የእሷም መጽሐፍ ተፈልጎ ወጣ። ዐሥራ ስምንት ተኩል ይላል። ነገሩ አለቀ ብለን ለነጯ ፈረድን።

«ሁለቱም እዚህ አይሠራም» የሚል ድምፅ ከወደ ማጠቢያው መጣ። «የተለካው ባሕር ዳር ነው።»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። «እትዬ ተሾመች፣ የጃፓን መኪና ባሕር ዳር ምን ልትሠራ ትሄዳለች?» አላት ሚሳኤል። እኔም አላረፍኩም፤ «የጣና ዓሣ አምሯት ነዋ!» አልኩ።

እጇን በጨርቅ እየጠረገች ተነሣች። «ከተማውን መች አልኩ? የባሕር ዳርቻ ማለቴ ነው። ዓሰብ ላይ እንደ ልቡ የሚሮጥ ከባድ መኪና ደሴ ሲደርስ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያስላል። ለምን? ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ነዳጁ ግን ያው ነው። አዲስ አበባም ደጋ ናት። የአቶ ወጋየሁን መኪና ስጡኝና ይህችን ነጭ ባትቀድማት!»

ጋሽ ከበበው በሰው ፊት መደፈሩ አናደደው። «ከቀደመች የካርቡራቶር ጠረጴዛው ያንቺ ነው» አላት። «ካልቀደመች ዳግመኛ ስለ ሞተር እንዳትተነፍሺ።»

«ካልቀደመች ጭራሽ ሥራውን ለቅቄ እሄዳለሁ።»

«የት አባትሽ ትሄጃለሽ?»

«ከዓሰብም ስወጣ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር።»

አቶ ወጋየሁ ቁልፉን ሰጣት። ቤንዚንና አየር በሚቀላቀሉበት ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበች የነሐስ ዕቃ አለች። ከእኔ የብየዳ እርሳስ ተቀብላ ቀዳዳዋን ደፈነችና ቤንዚኑ በሳሳው አየር ልክ እንዲያንስ ከፊተኛው አጥብባ በሳቻት። ሁለት ቀን ፈጀባት። በሁለቱም ቀን ማንም አላገዛት፤ እኔም ጭምር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ወደ ላፍቶ በሚወስደው ቀጥ ያለ አስፋልት ተሰበሰብን። ከመጀመሪያው የመብራት ምሰሶ እስከ ዘጠነኛው አራት መቶ ሜትር ነው ተባለ። ሰዓት ያዡ እንግዳ የሚባል የሰፈሩ ስፖርት መምህር ነው። መጀመሪያ ነጯ ተነሣች፤ ኋላዋ በጭስ ጠቆረ። እንግዳ ሰዓቱን አይቶ «ሃያ ነጥብ አራት» አለ። ዐሥራ ሰባት ሲል የከረመው ሚሳኤል ሰዓቱን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቀው። ቀጥሎ አቶ ወጋየሁ ፊያቷን አስነሣት። «ዐሥራ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት!»

ጩኸታችን ሳይበርድ ጋሽ ከበበው አጨበጨበ። «ወጋየሁ፣ አንተ ነጂ ነህ! ማርሽ አለዋወጡን አያችሁልኝ? ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።» ሰዉ ሁሉ ሄዶ አቶ ወጋየሁን ጨበጠው። እኔም ጨበጥኩት። የማን ሥራ እንደሆነ እያወቅሁ ነው የጨበጥኩት፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ተሾመች ቀጥ ብላ ወደ ሚሳኤል ሄደች። «ኮፈኑን ክፈትልኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ያንተንም ልሠራት ነው።»

አቶ ወጋየሁ ደነገጠ። «የኔን መኪና ልታስበልጪባት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ወጋየሁ። የኔን ሥራ እርስዎ ከተመሰገኑበት ምን ላድርግ?»

ከአንድ የሞተ የጃፓን ፒክአፕ የነቀለቻቸውን ቀዳዳቸው የጠበበ የነሐስ ዕቃዎች ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነበር። መንገድ ዳር ተንበርክካ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራች። ነጠላ የለበሱ ከቤተ ክርስቲያን ተመላሾች ቆመው ያዩዋታል፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ጨርሳ ኮፈኑን ደፋችና «ማንም እንዳይለወጥ» አለች። «ነጂው ያው ሚሳኤል፣ መንገዱም ያው፣ ሰዓት ያዡም ያው።»

ነጯ ጭስ ሳትተፋ ወጣች። እንግዳ ሰዓቱን ሁለቴ አየው። «ዐሥራ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ።» አሸናፊዋን ፊያት ራሷ ተሾመች አሸነፈቻት።

«ጋሽ ከበበው» አለች ላቧን በክንዷ እየጠረገች፣ «ሚሳኤል በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንዳት ተማረ? ይንገሩኝ እስቲ፣ አሁን በየትኛው ወንድ አለቀ?»

«በማንም!» ብዬ ጮህኩ። ቢዘገይም ወጣልኝ። ሚሳኤልም «በማንም!» አለ፤ አቶ ወጋየሁ እንኳ እየከፋው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ጋሽ ከበበው ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «በሉ እንግዲህ» አለ። «ነገ ጠዋት ጠረጴዛውን እሰጥሻለሁ።»

«መስጠቱን ይተዉት» አለችው ተሾመች። «ወስጄዋለሁ።»