የሞጣው ሲንተቲክና የቢቸናው ዝምተኛ

አዋጅ! የቢቸና እህል ሻጭ፣ በግ ነጂ፣ ባጃጅ አሽከርካሪ ሁሉ፣ በያለህበት ቁምና ጆሮህን ስጥ! የሞተር ዘይት ምሥጢር ለሰው ልጅ የተገለጠው በአንድ ሰው ሁለት ጣቶች መካከል መሆኑን ከዛሬ ጀምሮ እወቅ። ጣቶቹም የሾፌር ፍቅረ ሥላሴ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ናቸው። እነሱ «ወፍራም» ያሉትን ማንም «ቀጭን» እንዳይል! ብሎ የተገኘ መሐንዲስ ፋብሪካውን ዘግቶ ቢቸና ድረስ በመምጣት ይቅርታ ይጠይቅ!

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ አዋጅ ማንም አላስነገረም። ፍቅረ ሥላሴ ግን እንደተነገረለት ሆኖ ይኖር ነበር።

ሰውየው የአንድ ጭነት መኪና ባለቤትም ሾፌርም ነው። መኪናው አየር እየነፋ ለሞተሩ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ አለው፤ ያ አልበቃ ብሎት የነዳጅ ፖምፓውን አስከፍቶ ጉልበት አስጨምሮበታል። ዳገት ሲወጣ ፉጨቱ ከወዲያኛው ቀበሌ ይሰማል። ከቢቸና ተነሥቶ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ማንም ላይቀድመው የማለ ይመስላል። የሚጭነው ጤፍና ድንች ነው፤ አነዳዱ ግን ምጥ የያዛት ሴት እንደጫነ ሰው ነው። ሲደርስ ደግሞ ሞተሩ ገና እንደ ፍም እንደጋለ ቁልፉን ነቅሎ ይወርዳል፤ ሻይ ቤት የሚጠብቀው አድናቂ አለዋ!

የዘይት ዕውቀቱን ያገኘው ከገበያ ነው። ቢቸና ላይ ማር የሚገዛ ሰው በጣቱ ያሸዋል። ቶሎ ከፈሰሰ ውሃ ገብቶበታል፤ ከተጎተተና ክር ከሠራ ማር ነው። ፍቅረ ሥላሴ ይህን የእናቱን ጥበብ እንዳለ ተሸክሞ ጋራዥ ገባ። ዘይት ባየ ቁጥር ጠብታ ይወስዳል፣ ያሻል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይፈርዳል። ይግባኝ የለም።

ሞጣ ላይ መለዋወጫና ዘይት የሚሸጥ ሙሐመድሸሪፍ የሚባል ወዳጅ አለው። የሙሐመድሸሪፍ አባትም አያትም እዚያው ሞጣ ነግደው የኖሩ ናቸው። እሱ ግን ከመሸጡ ይልቅ መምከሩ ይበልጥበታል፤ ሾፌሩን አነጋግሮ፣ ስለ አነዳዱ ጠይቆ ነው ዘይት የሚያወርድለት። አንድ ቀን ፍቅረ ሥላሴ ሱቁ ሲገባ አንድ ጀሪካን ከፍቶ ጠብታ ሰጠው። ጣቶቹ ሥራቸውን ጀመሩ።

«ይኼ ምንድን ነው? ውሃ ውስጥ ቀለም ነክራችሁ ነው እንዴ?»

«ሲንተቲክ ነው፤ በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት። እንዳንተ ላለ እብድ የተሠራ።»

«እብድ አልከኝ?»

«ታዲያ ምን ልበልህ? ቱርቦውን አግለህ አግለህ ድንገት ታጠፋዋለህ። ተራው ዘይት እዚያው አርሮ ከሰል ይሆናል። ይኼ ሙቀት ይችላል። ደግሞ ደጋው ሮብ ገበያ ከተማ አድረህ በዚያ ብርድ ጠዋት ስታስነሣ ቶሎ ሞተሩ አናት ላይ ይደርሳል። ቀስ ብሎ ለሚነዳ፣ ቶሎ ቶሎ ለሚቀይር ሰው ተራውም ይበቃዋል፤ እኔው እሸጥለታለሁ። አንተ ግን ከሁለቱም የለህበትም።»

«ወንድሜ፣ እንዲህ የሚፈስ ማር እኮ ማንም አይገዛም።»

«ሞተርህ በዳቦ ሊበላው ነው?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሙሐመድሸሪፍ ጀሪካኑን አንሥቶ በገዛ እጁ መኪናው ላይ ጫነለት። «ለልጅህ ክርስትና ሳልመጣ ቀርቻለሁ። የእሷ ስጦታ ይሁን» አለ።

ፍቅረ ሥላሴም እንደ አገሩ ሰው የወዳጁን ፊት እያየ እንቢ ማለት አልሆነለትም። «እግዜር ይስጥልኝ! እንደገባሁ እቀይረዋለሁ» አለ። በአደባባይ አጨብጭቦ መቀበል፣ በጓዳ መሻር! ይህን መስመር ስንቱ ጉባኤ ደክሞ ያጠናው ሲሆን ፍቅረ ሥላሴ ያለ አንዳች ጥናት ተክኖበታል።

ቢቸና ገብቶ ግቢውን ዘጋና ጣቶቹ የመረጡትን ወፍራም ተራ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ገለበጠ። የተረፈው የጀሪካኑ ጉዳይ ነበር። መጣል ነውር ነው፣ መሸጥ ወሬ ያመጣል። ስለዚህ ለደብሩ ጄነሬተር ብሎ ተሸክሞት ሄደ። የንስሐ አባቱ አባ ወልደ ሰንበት ተቀብለው ረዥም ምርቃት አወረዱበት። ለሞተሩ የናቀውን ለደብሩ ሰጠ፤ ምርቃቱን ግን ሳያጎድል ወሰደ። ቃየል እንኳ ያቀረበው የገዛ እርሻውን ፍሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘይቱን የመቀየር ሐሳብም አልነበረውም። «ወፍራም ነው፤ ይችላል» እያለ ከረመ። ከሮብ ገበያ ድንች ጭኖ ሲመለስ ዳገቱ መካከል ላይ ያ ፉጨት ድንገት ተቆረጠ። ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። መኪናው ተንገራገጨ፣ ቆመ። እሱ ሲቀድማቸው የኖሩት ሾፌሮች ሁሉ ክላክስ እየነፉ አለፉት።

በሌላ መኪና ተጎትቶ ቢቸና ገባ። መካኒኩ ሐብታሙ ቱርቦውን ሲፈታ የከተማው ሾፌር በሙሉ ዙሪያውን ከቦ ቆሟል።

«ከሰል ሆኗል» አለ ሐብታሙ ጥቁሩን ቅርፊት እየፋቀ። «ዘይቱ አርሮ ነው። ምን ዘይት ነበር ያደረግክበት?»

ፍቅረ ሥላሴ አፉን ከፈተ። ቃል ሳይወጣው ከኋላ አንዱ ቀደመው።

«የሙሐመድሸሪፍ ሲንተቲክ ነዋ! ሞጣ ላይ ሲጭንለት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ያ ውሃ? ጉድ ሠራው በለኛ!»

«እሱስ ገና ሲያሸው ነግሯቸው ነበር። የፍቅረ ሥላሴ ጣት መቼ ይሳሳታል!»

ሐብታሙ ቀና ብሎ አየው። «ሲንተቲክ እንዲህ ማረሩ ግን ገረመኝ። እውነት እሱን ነበር?»

ፍቅረ ሥላሴ አሳለ።

ሌላ ምንም አላደረገም። አልማለም፣ አልዋሸም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ መሬት መሬት አየ። ሾፌሮቹ እንደ ኀዘን ቆጠሩለት፣ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የሳል ወለምታ በምን እንደሚታሽ ግን አባቶች የተናገሩት የለም።

ወሬው ያለ ቱርቦ ሞጣ ገባ። «የሙሐመድሸሪፍ ውሃ» የሚል ስም ወጣ። የገዙት መለሱለት፤ ሊገዙ የነበሩት በሱቁ ፊት ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ይህን ሁሉ ፍቅረ ሥላሴ ከሚመጣ ከሚሄደው ሰማ። በሰማ ቁጥር «ነገ እናገራለሁ» ይላል። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ አንድ ቀን አርጅቶ፣ ለመናገር ይበልጥ የሚያሳፍር ሆኖ ያገኘዋል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የጄነሬተሩን ድምፅ ሰማ። ድሮ እንደ ሳምባ በሽተኛ የሚያንኮራፋው ማሽን እንደ ንብ ቀፎ በቀስታ እም ይላል። አጠገቡ የቆሙት ሰውዬ «ምን አጠጥተውት ነው እንዲህ ልብ የገዛው?» ብለው ሲያንሾካሹኩ ላብ አጠመቀው። ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደ ሰንበትን ዛፍ ሥር አገኛቸው።

«አባ፣ በሐሰት መስክሬያለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ምንም አላልኩም። አሳልኩ።»

ነገሩን አንድ በአንድ አስዘረዘሩት። ሲጨርስ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ስግደት ይስጡኝ፣ አባ። የፈለጉትን ያህል ያብዙት።»

«አልሰጥህም። ስግደቱ ይቀልህ ነበር። ለእኔ ያልከውን ሂድና ለሰውየው በለው።»

«ስግደቱን ያብዙልኝና ሞጣን ይተዉልኝ?»

«እኔ ሱቅ የለኝም፣ ልጄ። ስሜም ውሃ አልተባለም።»

በአውቶቡስ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያሰናዳ፣ ሲያፈርስ፣ እንደገና ሲያሰናዳ ሞጣ ደረሰ። ሱቁ ሲገባ መደርደሪያው ላይ ሲንተቲክ የሚባል የለም። ሙሐመድሸሪፍ ገና ሲያየው ብድግ ብሎ አንገቱን አቀፈው።

«አንተ ሳትመጣ እኔ ነበርኩ መምጣት የነበረብኝ» አለ። «በምን ዓይኔ ልይህ? ያቺን መኪና እንዴት እንደምትወዳት እያወቅኩ! ልጄ ሀሲና ‹አባቴ፣ እርግጠኛ ሳትሆን ለምን መከርከው?› ስትለኝ ሲንተቲኩን ሁሉ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ከእንግዲህ ማንንም አልመክርም። የጠየቁኝን አንሥቼ መስጠት ብቻ ነው።»

«ስማኝማ፣ ሙሐመድሸሪፍ...»

«የለም፣ መጀመሪያ ይቅር በለኝ።»

በዚህ መካከል አንድ ወጣት ሾፌር ገባ። አዲስ ቱርቦ መኪና ገዝቶ ኖሮ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። «የትኛውን ዘይት ላድርግ ትላለህ?» አለ።

ሙሐመድሸሪፍ ወደ ፍቅረ ሥላሴ አመለከተ። «እኔን አትጠይቀኝ። እሱን ጠይቀው። የደረሰበት እሱ ነው።»

ወጣቱ ዞሮ በአክብሮት ጠበቀ። የመናገሩ ተራ የፍቅረ ሥላሴ ሆነ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር የምትበቃው። እሷም ተሰናድታ ከቢቸና ድረስ አብራው መጥታለች።

«እኔማ... ያው እንደ አነዳድህ ነው» አለ።

ወጣቱ ትንሽ አሰበና ወፍራሙን ይዞ ወጣ።

የሙሐመድሸሪፍ ሚስት ዘይዳ ከጓዳ ብቅ አለች። «አያ ፍቅረ ሥላሴ፣ ጾም እንደሆነ አውቄ ሽሮ ሠርቼልሃለሁ፤ ድስቱም ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ከመንገድ መጥተህ ጾምህን አትሄድም።» ቀረበለት፤ በላ። በየጉርሻው መካከል ሊናገር ቀና ይላል፤ በየጊዜው ሙሐመድሸሪፍ ሌላ ጉርሻ ያቀብለዋል። እጁን ታጥቦ ሲነሣ ሙሐመድሸሪፍ በር ላይ ያዘው።

«አልመለስክልኝም። ይቅር አልከኝ?»

ፍቅረ ሥላሴ ፊቱን እያየ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው።

አዎ፣ ይቅር አለው! በዳዩ ተበዳዩን ማረው። ሙሐመድሸሪፍ ዓይኑን ጠረገ፤ ሸኘው፤ አውቶቡሱ ላይ ውሃና ብርቱካን በመስኮት አቀበለው። ፍቅረ ሥላሴ ብርቱካኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ደብረ ወርቅ እስኪደርስ አልላጠውም። አባ ወልደ ሰንበትን ላለማግኘትም እነሆ ከሌላ ደብር ያስቀድሳል። መኪናው ዛሬም ጋራዥ ቆሟል፤ ስሙ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ከብሯል። ዘይት ሊገዛ የሚያስብ ሁሉ ጠብታ ይዞ ይመጣለታል፤ እሱም እያሻ ይፈርዳል። ማታ ግን ሚስቱ ይርጋነሽ ለምን እንደማይበላ ብትጠይቀው ያስላል።

አንተ ደግሞ፣ አንባቢው፣ «አይ የዚያ አገር ሰው!» ብለህ ልትስቅ ከንፈርህን ስታላቅቅ አይቼሃለሁ። ሳቁን ለጊዜው አቆየው። መንገድህ በቢቸና በኩል ወደ ባሕር ዳር ከሆነ ሚኒባሱ ሞጣ ላይ መቆሙ አይቀርም። ውረድ። ሱቁን ማንም ያሳይሃል። ለሰውየው ሰላምታ ስጠው፤ ምግብ ሳያቀርብልህ፣ ይቅርታ ሳይጠይቅህ ቶሎ በልና፣ ፊቱን እያየህ፣ «ሙሐመድሸሪፍ፣ ምክርህ ልክ ነበር፤ በዚያ ሞተር ውስጥ የነበረው ዘይት...» ብለህ ጨርስ። ምነው፣ አሳልክ?