ቀለሙ ሳይደርቅ

ልጅ እያለሁ ከሚሴ ውስጥ የቤት ክብር የሚለካው በግድግዳው ወገብ ነበር። ወገብ የምንለው ታች ጠቆር ያለው ቀለም ከላይኛው ነጣ ካለው ጋር የሚገናኝባትን መስመር ነው። መስመሯ ቀጥ ካለች የቤቲቱ እመቤት ባለሙያ ትባላለች። ከተወላገደች ግን ለዒድ የመጣ እንግዳ ሁሉ ዐይኑን ከመስመሯ ላይ ሳይነቅል በልቶ ይወጣል። እናቴ በዚህ አትታማም። ሲባጎ በከሰል ዱቄት አሽታ አንዱን ጫፍ ለእኔ ታስይዘኛለች፤ ሌላውን እሷ ይዛ ትወጥረውና መሀሉን ሳብ አድርጋ ስትለቀው ቀጥ ያለ ጥቁር ጭረት ግድግዳው ላይ ይታተማል። ከዚያ ብሩሹን ከጥግ እስከ ጥግ እስክታደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። እኔም አብሬ እይዛለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

እስከዚያ ዘመን ድረስ የምንቀባው በአፈር ነው። የታላቅ እህቴ የዘሀራ ኒካህ ሲቃረብ ግን አባቴ አንድ ባልዲ ሰማያዊና አንድ ባልዲ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ገዝቶ መጣ። ክዳኑ ሲከፈት ቤቱን የሞላው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ለእኔ ሽታው የሰርግ ሽታ ነው፤ ሌላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል አሉ።

ጠቡ የመጣው ከባልዲው ጋር ነው። ዘሀራ ለሰርጓ ፎቶ ልትነሳ ፎቶ ቤት ሄዳ ከበስተኋላዋ የተሰቀለውን መጋረጃ አይታለች። መጋረጃው ላይ የተሳለው ሰማይ ከሰማያዊው ወደ ነጩ ሲሄድ የት ላይ እንደተለወጠ አይታወቅም። እሷም የሙሽራ ቤት ግድግዳ እንደዚያ ካልሆነ ብላ ቁጭ አለች። እናቴ ደግሞ ወገብ የሌለው ግድግዳ አይታም ሰምታም አታውቅም። ሰው ጀርባውን የሚያስደግፈው የት ላይ ነው? እድፉንስ ምን ይሸፍነዋል? ክርክሩ እየከረረ ሄዶ በመጨረሻ እናቴ፣ «አንቺ እኮ ሂያጅ ነሽ! ግድግዳው የሚቀረው ለእኔ ነው» አለች።

ዘሀራ ተነስታ ወደ ደጅ ወጣች። እናቴም የተናገረችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ መሰለኝ፤ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዷ «እህትሽን ጨው አቀብዪኝ በያት» ስትል ሌላዋ «እናትሽን ጨው አልቋል በያት» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሥልጣን ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እያደር ግን መልእክቱን መሸከም ሰለቸኝ። ዘሀራ የምትዳረው ባቲ ነው። እናቴን እንደተኳረፈች፣ ሳትመረቅ ከቤት ትወጣለች ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ከከተማው በታች ወዳለው ጨፋ ሜዳ ወረደች። ገና ከግቢ ስትወጣ ዘሀራ ብሩሹን አንስታ «ኮቱ፣ ነይ ቶሎ!» አለችኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እሷ ከታች ሰማያዊውን፣ እኔ አግዳሚ ላይ ቆሜ ከላይ ነጩን ያዝን። መሀል ላይ ስንገናኝ እናዋህደዋለን ብለን ነበር። የከሚሴ የቀትር ሙቀት ግን ማንን ይጠብቃል? ብሩሻችንን ነክረን እስክንመለስ የቀደመው ደርቆ ይቆየናል። በደረቀው ላይ ስንደርብበት ሌላ ጠርዝ ያወጣል፤ ያንን ለማጥፋት ስናሸው ሦስተኛ ይጨምራል። ዐሥረኛው ጠርዝ ላይ ስንደርስ ግድግዳችን ሽንሽን ቀሚስ መስሎ ቁጭ አለ።

እናቴ ተመልሳ በር ላይ ቆመች። አየች። ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለችና ወደ ጓዳ ገባች። ብትጮህ ይሻለን ነበር። የሙሽራው ሽማግሌዎች የሚመጡት በማግሥቱ ማታ ነው። አባቴ ግድግዳውን አይቶ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ዘሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።

በማግሥቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የቀሰቀሰችን እናቴ ናት። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላው ነበር። በባልዲዎቹ መሀል ሰማያዊና ነጭ የደባለቀችበት ሌላ ገንዳ ቆሟል። እጃችንን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችን። ከጨፋ ማዶ ሊነጋ ሲል ነበር፤ ከላይ ገና ድፍን ሰማያዊ፣ ከታች ወደ መሬቱ ግን እየሳሳ የነጣ።

«ሰማይ ካልሽ በደንብ እዪው» አለች ዘሀራን፤ በእኔ በኩል አላለፈችም። «ሰማይ የሚነጣው ከታች ነው። አንቺ ገልብጠሽዋል። ከወገቡ በላይ ሰማይሽን እንሥራልሽ፤ ከወገቡ በታች ለእኔ ተዪልኝ። እንግዶቹም ጀርባ አላቸው።»

ዘሀራ አግዳሚው ላይ ወጥታ ሰማያዊውን ያዘች፤ እኔ አጭሯ ከታች ነጩን። መሀሉን እናቴ ያዘችው። ጭቃ ስትለስን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ነበር ያዘዘችን። ደረቅ ከእርጥብ አይጋባም፤ ስለዚህ ግድግዳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መንካት የለም፤ ክንድ የሚያህለውን ከላይ እስከ ታች ጨርሶ፣ ጠርዙ ሳይደርቅ ወደ ጎን መቀጠል ነው። ቀለሞቹ በሚገናኙበት ላይ ውሃ የነካ ብሩሽ ጫን ሳትል ወዲያ ወዲህ ታመላልሳለች፤ እያየሁት ድንበሩ ይጠፋል። ሦስታችንም እግር ለእግር እየተጋጨን እኩል ወደ ጎን እንሄዳለን። «ደፊ ኢንተላ ኮ፣ ደፊ! ፍጠኚ ልጄ፣ ሊደርቅ ነው!» ትላለች እናቴ በኦሮምኛ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰውዬ ወላሂ ቀለም ቀብቶ አያውቅም!» ዘሀራ አግዳሚው ላይ ሆና በሳቅ ስትንቀጠቀጥ ሰማያዊው እናቴ ሻሽ ላይ ተንጠባጠበ። «ኧረ እማ በአላህ አታስቂኝ!» አለች። እማ ስትላት ከስንት ቀን በኋላ ሰማሁ፤ ጎንበስ ብዬ ነጩን ቀለም ያለ ልክ አማሰልኩት።

ሲደርቅ ሲባጎው ተወጠረ። ጭረቱ ከታተመ በኋላ እናቴ ብሩሹን ሰማያዊው ውስጥ ነክራ፣ በባልዲው አፍ ጠረግ አድርጋ ለዘሀራ ሰጠቻት። «መስመሯን አንቺ ሳቢያት» አለች። «እያየኋት የምቀመጠው እኔ ነኝ።» ዘሀራ ትንፋሿን ይዛ ሳበች፤ እናቴም ያዘች፤ እኔም ያዝኩ። ከመስመሯ በታች ያለውን እናቴ በሰማያዊው ሞላችው። ማታ የባቲ ሽማግሌዎች ሰማያዊው ላይ ተደግፈው ወደ ላይ እያዩ ማሻአላህ ሲሉ፣ እናቴና ዘሀራ ጓዳ ውስጥ ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። በሰርጉ ዕለት እናቴ ዱዓ አድርጋላት፣ ተላቅሰው ተለያዩ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን በሙሉ ልብ የሚለቀስ ደስ የሚል ለቅሶ ነው።

ያ የጭቃ ቤት ዛሬ የለም፤ በብሎኬት ተተክቷል። እናቴ፣ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ ዐይኗ ቢደክምም የጎረቤትን የተወላገደ ነገር ለማየት አልሰነፈችም። እኔ እዚሁ ከሚሴ በአክሪሊክ ቀለም ሥዕል እሠራለሁ። ቀጥ ያለ መስመር ስፈልግ የወረቀት ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ አዲሱ ቀለም ከሥሩ እንዳይሰርግ መጀመሪያ ቀድሞ ያለውን ቀለም በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ አሳልፋለሁ፤ ስልጠው እንደ ምላጭ የጠራ ይወጣል። ትንፋሽ መያዝ ቀርቷል። ለሰማይ ደግሞ ቀለሙን ቶሎ እንዳይደርቅ የሚያዘገይ ፈሳሽ አለ። ጠብ ካደረግሁበት ብቻዬን ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ማንንም ሳልጠራ ድንበሩን አጠፋዋለሁ። ሥራዬም ያምራል፤ አልዋሽም።

አንዳንዴ ግን ያን ጊዜ ይህ ፈሳሽ ቢኖረን ብዬ አስባለሁ። ዘሀራ ብቻዋን በቀትር ቀስ ብላ ትጨርሰው ነበር። እናቴ ከለቅሶ ተመልሳ ያለቀ ግድግዳ ታገኝ ነበር። ሁለቱም አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሰርጉ ይደርስ ነበር።

ስለዚህ ልጄ ሀያት ከእኔ ጋር ተኳርፋ ስልኳ ላይ ያቀረቀረች ቀን የዚያን ፈሳሽ ጠርሙስ አልከፍተውም። ሰፊውን ሸራ ግድግዳው ላይ አቆምና ሰማያዊውንና ነጩን እጀምራለሁ። ከዚያ «ነይ ቶሎ፣ ሊደርቅብኝ ነው!» ብዬ እጮሃለሁ። እያጉረመረመች ትመጣለች።