ጋሪ የቀደማት መኪና

ዘመኑ 2015 ዓ.ም. ነበር፣ ወሩ ጥር። እኔ ያኔ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ከዚያ ወዲህ የረሳሁት ብዙ ነው፤ የዚያን ሳምንት ነገር ግን አልረሳሁም። መዶሻዬን ከመነጠቅ ለጥቂት ነው የተረፍሁት። ሊያስነጥቀኝ የነበረውም ባዳ አይደለም፣ የገዛ አፌ ነው።

ስሜ ቢያድግልኝ ነው። ዳንግላ ውስጥ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነኝ። አሸንዳ፣ የከሰል ምድጃ፣ ባልዲ፣ የእህል መስፈሪያ እሠራለሁ፤ ብየዳም እችላለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ያውም በግማሽ። ለጽሑፉ ጉድለት አንባቢ ይለፈኝ። ነገሩ ግን ሙሉ ነው።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ወናፉን የምታናፋለት እናቴ ነበረች። ወናፍ ለማያውቅ ልንገረው፤ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ከረጢት ነው። ሲጨምቁት ጫፉ ላይ ባለች ቀጭን ቧንቧ ነፋሱን ወደ ከሰሉ ይተፋል። ያ ወናፍ ዛሬም ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አይሸጥም፣ አይነካም።

ልጄ የሺ ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። «አባ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ሱቁን ይዝጉትና እኔ ዘንድ ይምጡ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እኔ ደግሞ እምቢ እላለሁ። ባሕር ዳር ሄጄ ምን ልሠራ ነው? በረንዳ ላይ ተቀምጬ ባጃጅ ልቆጥር?

በዚያ ጥር ወር አንድ ሰኞ መምህርት ወለላ መኪናዋን እያስነጠሰች ሱቄ በር ላይ አቆመች። ወለላ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ እንጅባራ እየተመላለሰች የመኪና ጥገና ታስተምራለች። መኪናዋ አባቷ ትተውላት የሞቱት አሮጌ የቤት መኪና ነው። ሞተሩን ራሷ አውርዳ፣ ራሷ ገጥማ ነው ያስነሳችው።

«አያ ቢያድግ፣ አንድ ነገር ይሠሩልኛል?» አለችና የሞተሩን ክዳን ከፈተች።

ሞተሩ አጠገብ አንድ የማላውቀው ብረት ተቀምጧል፤ ቡችላ ያህላል።

«ሱፐርቻርጀር ይባላል» አለችኝ። «ሞተሩ በቺንጊያ ያዞረዋል። እሱ ደግሞ አየር ከውጭ ስቦ ሞተሩን በግድ ያጎርሰዋል። የእንጅባራን ዳገት ስወጣ አየሩ እየሳሳ መኪናዬ ትንፋሽ ያጥራታል። አሁን የጎደለኝ አየሩ የሚገባበት ቧንቧ ብቻ ነው። የራሱ የነበረው ለሌላ መኪና የተሠራ ስለሆነ እዚህ አይገጥምም። ባትሪውን ዞሮ የሚያልፍ፣ በእጅ የተሠራ ያስፈልገኛል።»

ሳቅሁ። ወናፉን ከግድግዳ አወረድሁና ፊቷ ላይ እፍ አደረግሁባት። «ይህማ ወናፍ ነው!»

«በትክክል! ወናፍ ነው» አለች ደስ ብሏት።

ጉድ የሠራችኝ ያቺ «በትክክል» ናት። ከዚያ በኋላ ማን ይችለኛል?

ወረቀት ላይ የሣለችውን አወጣችና ሰጠችኝ። «አፉ ሰፊ ይሁን፣ እንደ ሥዕሉ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ወናፍ ሥር የተወለድሁ ነኝ። የነፋስ ነገር በወረቀት አይነገረኝም» አልሁና ወረቀቱን አራት አጥፌ ከሚንገዳገደው ጠረጴዛዬ እግር ሥር ወሸቅሁት። ዓይኗ እያየ። ጨዋ ናት፣ የሞተሩን ክዳን ዘጋች።

ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ይሰማል። ሐጂ ዘይትና ሳሙና፣ ስኳርና ጨው ይሸጣል። ሳንሰዳደብ የዋልንበት ቀን ካለ አንዳችን ታመናል ማለት ነው።

«ቢያድግ፣ ምድጃ መሥራት ሰለቸህና መኪና ልታጨስ ነው?» አለኝ።

በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። የሺ ናት። እኔ ጆሮዬ ስለሚከብደኝ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የማወራው፤ መንገዱ ሁሉ ይሰማል።

«አባ፣ ዛሬም ሱቅ ነዎት?»

«የመኪና ሳንባ ልሠራ ነው።»

«የምን ሳንባ? አባ፣ ባለፈው ጣትዎን ተቃጥለው…»

ሐጂ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ደሜ ፈላ። «ስሚኝ የሺ! ይህቺ ዕቃ ካልሠራች የሱቄን ቁልፍ በእጅሽ አኖራለሁ፤ ጓዜንም ጠቅልዬ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ። ሐጂ ምስክሬ ነው!»

«ሰምቻለሁ ልጄ!» ብሎ ጮኸ ሐጂ። «ቃል በቃል ሰምቻለሁ!»

«እንግዲያው ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ሥራዬን ጀመርሁ። ዋንዛ ጠርቤ ቅርጽ አወጣሁ፤ ላሜራውን እሱ ላይ እያጋደምሁ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልሁ አጎበጥሁት። ብየዳውን ከውስጥ በኩል በሞረድ አለሰለስሁት። ጣቴ የሚሰናከልበት ቦታ ነፋሱም ይሰናከላል፤ ይህ የአባቴ ቃል ነው። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ በጨርቅ ወትፌ ውኃ ሞላሁበት። ጠብታ አላለቀሰም።

አንድ ነገር ብቻ በራሴ ሐሳብ አደረግሁ። አየሩ ከውጭ የሚገባበትን አፍ እንደ ወናፍ ጫፍ አጠበብሁት። ጠባብ አፍ ነፋስ ያበረታል፣ አይደለም እንዴ? ሕፃን ያውቀዋል።

ሐጂ አየውና፣ «ማሻ አላህ! ለእኔ ይሁን፤ ዘይት ከበርሜል ስገለብጥበት ይበጀኛል» አለ። 

ሐሙስ ከሰዓት ወለላ ገጠመችው። ጠባቡን አፍ ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። «አያ ቢያድግ፣ ይቺ…»

«አስነሺ!» አልኋት።

ተነሣች። በሜዳው ደኅና ሄደች። ወደ እንጅባራ የሚወስደውን የአዲስ ቅዳምን መንገድ ይዘን ከከተማ ወጣ እንዳልን ዳገቱ መጣ። ወለላ ነዳጁን ስትረግጥ መኪናዋ እንደታነቀ በሬ አጓራች። ከዚያ ውስጥ ውስጡን ፏጨች፣ ተንቀጠቀጠች፣ እንደ ኤሊ መጓዝ ጀመረች። ከኋላችን ኮቴ ሰማሁ። ሦስት ኩንታል የጫነ ጋሪ ነው። አጠገባችን ሲደርስ ባለ ጋሪው ጎንበስ ብሎ አየን።

«መምህርት! ሣር ይቅረብላት ወይስ ገብስ?»

አለፈን። በነጋሪት ማወጅ ብቻ ነው የቀረው! እኔ በኀፍረት ወደ ሌላ ልይ ብዬ ዓይኔ ያረፈው ፈረሱ ላይ ነው። ዳገቱን ሲወጣ አፍንጫው ተከፍቷል፤ ስኒ የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል። ፈረስ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲውል አፍንጫው እንዲህ አይደለም።

መኪናዋ ቆመች። ወለላ ክዳኑን ስትከፍት የእኔን ሥራ ከሱፐርቻርጀሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ ተጨራምቷል፤ ጠጥተው እንደጨረሱት የወተት ላስቲክ ሆኗል። እሷ ቱቦውን በጣቶቿ ቀና ለማድረግ ሞከረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱቄ ተመልሼ ብቻዬን ተቀመጥሁ። የፈረሱ አፍንጫ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ተነሣሁና ወናፉን አወረድሁ። ቀስ ብዬ አናፋሁት። ስጨምቀው በጠባቡ ጫፍ ይተፋል። ቆይ! ሲነሣስ? ሲነሣ አየሩን የሚጎትተው በጫፉ አይደለም፤ በላይ በኩል ባለው፣ እናቴ በሁለት እንጨት እየከፈተች በምትዘጋው ሰፊ አፍ ነው። ያንን ሰፊ አፍ በጣቶቼ ቆንጥጬ አጠበብሁና ወናፉን ወደ ላይ ሳብሁት። ቆዳው ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ተጣበቀ። ልክ እንደ ወለላ የጎማ ቱቦ።

ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ የሚተፋውን አፍ ሳይ ኖሬ የሚውጠውን አላየሁትም። እናቴ እጇ ሁልጊዜ እሱ ላይ ነበር፤ እኔ ግን እሳቱን ነበር የማየው።

ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁት። ጠረጴዛው ተንጋደደ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ወለላ የሣለችው አፍ እንደ ጥሩንባ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ ሰፊ ነው። የፈረሱ አፍንጫ ማለት ነው።

አርብ ማለዳ ቤቷ ድረስ ሄድሁ። «ወለላ፣ ተሳስቻለሁ» አልኋት። ይህን ቃል ከሟች ባለቤቴ በቀር ከአፌ የሰማ የለም፤ እሷም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ወለላ ሳቀች እንጂ አልተኮፈሰችም። «የነፋሱን መንገድ ግን አሳምረውታል፤ እኔ እንዲያ ማለስለስ አልችልም። አፉን ብቻ እንለውጠው።»

«አፉን ብቻ የምትይ! እንደገና ነው የምሠራው» አልሁ። ግማሽ ሥራ አልሠራም እኔ።

አርብንና ቅዳሜን አዲስ ቧንቧ ሠራሁ። አፉን አሰፋሁ፤ ከንፈሩን ወደ ውጭ ገልብጬ ጠቀለልሁት። የአየር ማጣሪያው እላዩ ላይ ልክክ አለ።

ቅዳሜ ወደ ማታ የሺ መጣች። ሐጂ ጉዱን ሁሉ ነግሯታል። እጇን ዘረጋች። «አባ፣ ካልሠራች ብለዋል፤ አልሠራችም። ጋሪ ቀድሞዎታል አሉ።»

ቃሌ ነው። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ እጇ ላይ አኖርሁ። 

ያን ጊዜ ሐጂ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልናገር። እሱ ያለው ይህቺ ዕቃ ነው። ዕቃዋ መቼ አለቀችና? ያ የሞከሩት የእኔ የዘይት ማፍሰሻ ነው፤ ገና ሳይገጠም አይቼ ለእኔ ይሁን ብያለሁ። የመኪናዋ ዕቃ ነገ ነው የምትሞከረው። ቁልፉ እስከ ነገ አንቺ ዘንድ ይደር።»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱን ወደ ስኳር ጆንያው አዞረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራታችንም ተሳፈርን። ወለላ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ፣ የሺና ሐጂ ከኋላ። ሐጂ «ቢስሚላህ» አለ፣ እኔ አማተብሁ። ዳገቱ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ዜማ ነው። ሱፐርቻርጀሩ እንደ ንብ መንጋ ዘመረ። ከዚያ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ሜዳ ይዛው ወጣች። የሺ፣ «ቀስ በይ! ቀስ በይ አንቺ!» ትላለች። ሐጂ ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል።

ዓይኔን ስገልጥ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ባለ ጋሪውን! ባዶውን ነው የሚሄደው። አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።

«ገብሱን ለፈረስህ ስጠው!»

ፈረሱ ላይ ግን አልቀለድሁም። በልቤ አመሰገንሁት፤ አስተማሪዬ ነው።

አዲስ ቅዳም ደርሰን ሻይ ጠጣን። የሺ ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል። «አባ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ሲጮሁ ሰምቼዎት አላውቅም» አለችኝ። ስለ ቁልፉ ግን ቃል አልወጣትም። እኔም አልጠየቅሁም። መለመን አልወድም።

እስከ ዛሬ ወለላ እንጅባራ የምትመላለሰው በዚያች ቧንቧ ነው። በሱቄ ደጃፍ ስታልፍ ያን ዜማ እሰማለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ደስ ይለኛል። ግትርነቴ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽም። አሁን ግን ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ አስቀድሜ አየዋለሁ፤ ከዚያ ነው የምከራከረው። የጠረጴዛዬን እግር ደግሞ በድንጋይ ደግፌዋለሁ።

የዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ስነቃ የሺ ለመጀመሪያው ሚኒባስ ወጥታ ሄዳለች። ጫማዬን ላደርግ እግሬን ስከት አንድ የሚቀዘቅዝ ነገር ነካኝ። ቁልፉ ነው። አጠገቡ የዓይን መከላከያ መነጽር አስቀምጣለች፤ አዲስ ነው። መነጽሩን አደረግሁና ሱቄን ከጎረቤት ሁሉ ቀድሜ ከፈትሁ። ያችን ጠባብ አፍ ያላትን የመጀመሪያ ሥራዬን አነሣሁ፤ መያዣ ጆሮ በየድሁላት፣ በውኃና በሳሙና አጠብኋት፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኋት። ከዚያ ሐጂ ሰይድ ሱቁን ሳይከፍት ደርሼ ከዘይት በርሜሉ በላይ ካለው ምስማር ላይ ልሰቅልለት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።