ከሰገነቱ የሚታዩ ጭሶች

አለነ ሻረው የፈረስ ሰው ነበሩ። ከደባርቅ በላይ፣ አስታ ሜዳ በሚባለው አፋፍ ላይ የአገሩ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች የድንጋይ ቤት ሲያሠሩ ጥርቡን በበቅሎ ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። ቤቱ ሲያልቅም የፈረሶቹ አለቃ፣ ባልደራስ ሆነው እዚያው ቀሩ። ደጃዝማቹ የጎንደር ሹመትና ሙግት ሲያሰለቻቸው ወደዚያ እየወጡ ያርፉ ነበር፤ ሠላሳ ፈረስ፣ አርባ የሚታለብ ላም፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል እስከሚበቅልበት ድረስ የተከለለ ግጦሽ ነበራቸው። የቤቱ ሰገነት ወደ ገደሉ ይመለከታል። እዚያ የቆመ ሰው ከታች ያለውን አገር፣ ማሳውን፣ ደብሩን፣ እያንዳንዱን ጎጆ ከነአጥሩ ያያል።

የመሬት አዋጁ በታወጀ በ1967 ደጃዝማቹ ጠመንጃቸውንና ምርጥ ፈረሳቸውን ይዘው ወደ ሱዳን አቅጣጫ ወጡ፤ ተመልሰውም አልታዩ። ላሞቹ ለገበሬ ማኅበር፣ ፈረሶቹ ለሚሊሺያ ተከፋፈሉ። ቤቱ ተወርሶ ታሸገ። የማኅበሩ ሰዎች ለአለነ ሁለት በቅሎ ትተውላቸው «ቤቱን ጠብቅ» አሏቸው። ሚስት አልነበራቸውም፤ በጋጣው ጥግ ባለችው ክፍል ውስጥ እያደሩ ከሁለት ዓመት በላይ ብቻቸውን ከረሙ።

ኅዳር 1970 ላይ የመኪና ድምፅ ሰሙ። ለአካባቢው በኃላፊነት የተላከ ሻምበል ደምለው የሚባል መኮንን ነበር የመጣው። ከሲታ፣ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ቤቱን አስከፍቶ ዞሮ አየና፣ ከዚህ በኋላ ሥራ ሲበዛበት እዚህ እየመጣ እንደሚያርፍ ተናገረ። አለነን «ጋሼ» ይላቸዋል፤ አንተ ብሎ አያውቅም። ደጃዝማቹ በስማቸው ጠርተዋቸው ስለማያውቁ ይህ አክብሮት አስደሰታቸው። እውነቱን ለመናገር ወደዱት።

ሻምበሉ ሲመጣ ቀን አይመርጥም። ሰገነቱ ላይ ወንበር ያስወጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ የጦር ሜዳ መነጽሩን አንሥቶ ቁልቁል ያያል። በመጀመሪያው ቀን ከወንዙ ማዶ ብቻዋን ያለችው ጎጆ የማን እንደሆነች ጠየቀ። አለነ የወልደ ሩፋኤል መሆኗን፣ ሰውየው ንብ እንደሚያነብ፣ ማሩን ይዞ እስከ አዲ አርቃይ እንደሚወርድ አጫወቱት። አገራቸውን ማወቃቸው አኮራቸው። በሳምንቱ ወልደ ሩፋኤል ከደባርቅ ገበያ ተያዘ። አለነ አዘኑ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠሩም። ያን ጊዜ ለሸፈቱት ስንቅ ያቀብላል ተብሎ ሰው የማይያዝበት ሳምንት አልነበረም።

ጥር ላይ ሻምበሉ ከአንድ ግቢ ሁለት ጭስ ሲወጣ አይቶ ድግስ አለ ወይ አለ። አለነ እጃቸውን ዘርግተው እያሳዩ የያርጋል ቤት መሆኑን ነገሩት፤ ከቆላ ዘመዶች መጥተውበት ይሆናል አሉ። ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀና ሻይ ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ያርጋልና እንግዶቹ ተወሰዱ።

የያርጋል ሚስት ማንጠግቦሽ ዳገቱን ወጥታ ወደ አለነ መጣች። ሻምበሉን እንዲለምኑላት ፈልጋ ነበር። ያቅሜን እሞክራለሁ አሏት። ልትሄድ ተነሥታ ቆመች።

«ያን ቀን ከሻምበሉ ጋር ሲጨዋወቱ ከታች ሆኜ አይቻለሁ» አለቻቸው። «እጅዎ ወደ እኛ ቤት ነበር።»

ክፉ ቃል አልጨመረችም። አለነ ግን እሷ ወርዳ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ድረስ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ወልደ ሩፋኤል ትዝ አላቸው። ሰገነቱ የማረፊያ ቦታ እንዳልሆነ፣ ሻምበሉም ለዕረፍት እንደማይመጣ ያን ዕለት ገባቸው።

ጥለው መጥፋት አሰቡ። እሳቸው ቢሄዱ ግን አገር የሚያውቅ ሌላ ሰው በቦታቸው ይቆማል፤ ያ ሰው ምን እንደሚናገር ደግሞ አያውቁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለደብሩ ቄስ አንድ ምልክት ነገሩ፤ ቄሱም ለየቤቱ አደረሱ። የመኪናው ድምፅ ዳገቱን ሳይጨርስ አለነ በቅሎዎቹን አፋፉ ጠርዝ ላይ ያስራሉ። በቅሎዎቹን ያየ ሰው ምድጃውን ያዳፍናል።

በዐቢይ ጾም አንድ ረቡዕ ሻምበሉ መጥቶ መነጽሩን አነሣ። ከታች አንድም ጭስ የለም። ጾም ነው፣ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም አሉት። እውነትም ስለሆነ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ጉም ሸፈነለት፤ ሳያይ ተመለሰ።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት መጣ። ከብቱ ይታያል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ጭስ ግን ከየትም አይወጣም። ሻምበሉ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ።

«ጋሼ አለነ፣ ዛሬም ጾም ነው?»

«ሰው ማሳ ላይ ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

«አባቴ ቄስ ነበሩ» አለ ሻምበሉ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «በበዓለ ሃምሳ የገበሬ ቤት እሳት አያጣም።»

መነጽሩን ከአንገቱ አውልቆ ለአለነ ሰጣቸው። «እስቲ ይዩልኝ። እሳት አታንድዱ ብሎ የነገራቸው የትኛው ቤት ያለው ሰው ነው?»

አለነ በመነጽር አይተው አያውቁም። የማንጠግቦሽ ግቢ ፊታቸው ድረስ መጣ፤ እሷም አጥሯን ይዛ ወደ ላይ እያየች ነበር። መነጽሩን መለሱለት።

«ዓይኔ ደክሟል። አይታየኝም።»

«ይገባኛል» አለ ሻምበሉ። ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖ ሄደ።

አለነ አልሸሹም። ቢሸሹ የሻምበሉ ታጣቂዎች ወደ መንደሩ እንደሚወርዱ ያውቃሉ። አራት ቀን በቅሎዎቹን እያሻሹ፣ ሰኮናቸውን እየጠረጉ ቆዩ። በአምስተኛው ቀን ሁለት ታጣቂዎች መጡና ወሰዷቸው።

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ታሰሩ። የሚጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ከማን ጋር እንደተማከሩ። የሚመልሱትም አንድ ነበር፤ ከማንም። የአንድ ጆሯቸው መስማት እዚያ ቀረ፤ ሲራመዱም ተረከዛቸውን መሬት አያስነኩም ነበር። ይህን ሁሉ ያጫወቱኝ በኋላ ደባርቅ አስተማሪ ሆኜ ስሄድ ነው፤ ስለ እስሩ ግን ከዚህ የበለጠ አልነገሩኝም።

ሲፈቱ ሻምበሉ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። አስታ ሜዳ ሌሎች ሹማምንት ወጡበት፤ ከዚያ ማንም የማይወጣበት ሆነ። በ1982 በውጊያው መሀል ቤቱ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው የሚያውቅ የለም። ጥርቡን ሰው ለአጥር ወሰደው።

አለነ ከእስር ወጥተው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ማንጠግቦሽ ቤት ነበር። ያርጋል አልተመለሰም፤ ወልደ ሩፋኤልም። ደጃፏ ላይ እንደቆሙ፣ ያን ቀን ቤቷን ያሳዩት እሳቸው መሆናቸውን ነገሯት።

«አይቼዎታለሁ እኮ» አለቻቸው።

ምን ላድርግ ብለው ጠየቋት።

«ማሳው ጦም አድሯል።»

በሬዎቿን ጠምደው በዚያው ሳምንት ማረስ ጀመሩ። በዚያ እግራቸው ዐሥራ አንድ ክረምት አረሱላት፤ አጨዱላት፤ ወቁላት። ምሳቸውን እየቋጠረች እማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። አንድም ቀን ግን ቤት ይግቡ አላለቻቸውም።