ግራጫው ሹራብ

በጥር ፀሐይ ግራጫውን ሹራብ ከቁም ሣጥን አውጥቼ ጎሮ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ አናፍሰዋለሁ። እስከዛሬ ሻማና የብርቱካን ልጣጭ ይሸተኛል። የወንድሜ ሽታ ግን የለውም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሚስዮናዊ ካህን በሆነ በዓመቱ በእጄ የሠራሁለት ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ ቢሮ ተቀጥሬ ስለነበር ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር እየሠራሁ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

የማኅበሩ ካህናት በወር አንድ ሰኞ ከያሉበት መጥተው እዚሁ ጎሮ ባለው ቤታቸው አብረው ይጸልዩ፣ አብረው ይበሉ ነበር። አንድ ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ወንድሜን ልጠይቀው ሄድኩ። በጸሎቱ መሃል አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሁሉም እኩል ዝም አሉ፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ቃል እኩል ቀጠሉ። ምልክት የሰጠ የለም። እኔና ወንድሜ አንድ አልጋ ላይ አድገን እንዲህ ተግባብተን አናውቅም። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ቀና ስል ሹራቤን አየሁት። ከቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አባ ለብሰውት ብርቱካን በያዘው ሳህን አጠገብ ተቀምጠዋል። ጸሎቱ እንዳለቀ ወንድሜን ወደ ጓሮ ጠራሁት።

"ሹራቡስ?"

"አባን በረዳቸው፤ ሰጠኋቸው።"

"ላንተ እኮ ነው የሠራሁት።"

"እኛ ቤት የኔ የሚባል ነገር የለም፣ እያወቅሽ" አለኝ እየሳቀ።

ከውስጥ አንዱ "ወንድሜ!" ብሎ ሲጣራ ትቶኝ ገባ። እናታችን "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" ትል ነበር። የኛው ሰው ሌላ ዘመድ አግኝቷል።

በዓመቱ ብርድ አገር ተመደበ። ወሬውንም ከእኔ በፊት የሰሙት እነሱ ናቸው። የሄደ ዕለት ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው መኪና ማቆሚያ ላይ ከበው እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። እኔ ሻንጣ እጠብቃለሁ። ሽማግሌው አባ ወደ እኔ መጡና ሹራቡን አውልቀው አቀበሉኝ።

"ልጄ፣ እዚያ ይበርዳል። አንቺ ስጪው።"

እሺ አልኩ። ሹራቡ ገና ሙቀታቸው አልለቀቀውም። ብሰጠው በሳምንቱ ሌላ ሰው ጀርባ ላይ እንደሚውል አውቃለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወንድሜ ሳመኝና በስስ ሸሚዝ ገባ። አባ አዩኝ።

ባለፈው እሁድ ደወለ። በረዶ እየጣለ ነው አለኝ።

"ምን ለብሰሃል?"

"አንድ ወንድሜ ካፖርቱን ሰጠኝ።"

አሁንም ቀናሁ። ልመልስለት ስል አውሮፕላን በጣራዬ ላይ አለፈ። ዝም አልኩ። እሱም በልማዱ እዚያ ማዶ ዝም አለ። ድምፁ ሲርቅ ሁለታችንም እኩል ጀመርን፣ እኩልም ሳቅን።

ሹራቡ ጭኔ ላይ ነበር። አልነገርኩትም።